ሊበርታሪያኖችና የኩባንያዎች ውስን ኃላፊነት

ጥያቄ፦ የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የሚቃወሙ ሊበርታሪያኖች፣ ባለአክሲዮኖችን ከኩባንያው ዕዳ የሚከላከለውን ውስን ኃላፊነት በምን መርህ ይቀበሉታል? እርሱም በሕግ የተሰጠ ከለላ አይደለምን?

መልስ፦ አቋማቸው አንድ አይደለም። አበዳሪው ውስንነቱን አውቆ ስለሚዋዋል ነገሩ የውል ነፃነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁንና ፋብሪካ ወንዙን የበከለበት ሰው የፈረመው ውል ስለሌለ፣ ይህ መከራከሪያ ለእርሱ አይሠራም። ከራሳቸው ወገን የሆነው አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሙሬይ ሮትባርድም ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የሚሰጠውን ከለላ ተገቢ ያልሆነ ልዩ መብት አድርጎ ተችቶታል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለኩባንያዎች ከለላ የሚሆነው ውስን ኃላፊነት ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት ቁጥጥርም ሁልጊዜ ኩባንያን ይጎዳል ብለን አናስብ። በአሜሪካ የበረራ ዋጋንና መስመርን መንግሥት ይወስን በነበረበት ዘመን ነባር አየር መንገዶች ከአዲስ ተወዳዳሪ ተጠብቀው ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ቁጥጥሩን ያነሳውን ሕግ ከተቃወሙት መካከልም ትልልቅ አየር መንገዶች ይገኙበታል።

ጠያቂው፦ ወደ ወንዙ ብክለት ልመለስና፣ እንግዲያው የበካዩ ኩባንያ ንብረት ካሳውን ካልሸፈነ፣ ቀሪውን ባለአክሲዮኖቹ ይክፈሉ ማለት ነው?

መልስ፦ በእኔ እምነት፣ አዎን፤ ቢያንስ ኩባንያውን የሚመሩት።