ጓዝ ስጭን የሞተሬ መሪ ይንቀጠቀጣል፦ ሞላ ልቀይር ወይስ ሙሉ ሾኩን (አሞርዛተሩን ከነሞላው)?

ለረጅም ጉዞ የምጠቀምበት ሞተር ሳይክል አለኝ። የኋላ ጎማው ከላይ እስከ ታች 190 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል። እኔ ከነሄልሜቴ 85 ኪሎ ነኝ፤ የጎን ሳጥኖቹና ከኋላ የማስረው ቦርሳ 40 ኪሎ ይሆናሉ። ጓዝ ቀንስ የሚለኝ አይጠፋም፤ ይሄ የቀነስኩት ነው።

ባዶውን ምንም አይወጣለትም። ሲጫን ግን ሌላ ሞተር ይሆናል። ኋላው ቁጭ ይላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ኩርባ ላይ መስመሩን ለቆ ወደ ውጭ ይወጣል። ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጉድጓድ ላይ ደግሞ ሾኩ ጥግ ድረስ ወርዶ ጓ ይላል።

የጎማ ንፋሱ መመሪያው ለጭነት በሚለው ልክ ነው። የመሪውና የጎማዎቹ ኩሽኔታዎች ደህና ናቸው። ከባዱን ዕቃ ወደ ታችና ወደ ፊት አመጣሁት፤ ትንሽ ረዳ።

ከዚያ የኋላውን ፕሪሎድ (ሞላውን አስቀድሞ የሚጨምቀውን ማስተካከያ) እስከ መጨረሻው አጠበቅኩ። እንዲያም ሆኖ እኔና ጓዙ ስንቀመጥበት 80 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። የ190ው ሲሶ ገደማ መሆን ሲገባው ከ40 በመቶ አለፈ ማለት ነው። ሪባውንዱን (ሾኩ ተጨምቆ ሲመለስ ፍጥነቱን የሚገታውን ማስተካከያ) ሁለት ክሊክ ሳጠብቀው መወዛወዙ ቀነሰ። ግን ተከታታይ ጉብታ ላይ ሾኩ ተመልሶ ሳይነሳ ሌላው ይደርስበታል፣ ጭራሽ እየሰመጠ ይሄዳል።

ሞላው ለዚህ ክብደት እንደለሰለሰ ገብቶኛል። ጠንከር ያለ ሞላ ብቻ ባስገባበት የፋብሪካው ሾክ ሪባውንድ ይችለዋል ወይስ ሾኩን ከነሞላው መቀየር ይኖርብኛል?