ክርክር፦ ሁለት ቋንቋ መናገር ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል? የዕድራችን ገንዘብስ ለዚህ ይውጣ?

የዕድሩ ጸሐፊ፦
እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶቼ። ባለፈው ስብሰባ ላልነበራችሁ ልንገር። ለአረጋውያን አባሎቻችን የቋንቋ ትምህርት ይከፈት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አማርኛ ብቻ ለሚችሉት አፋን ኦሮሞ፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚችሉት አማርኛ። ወጪው ከዕድሩ ካዝና ነው። ማመልከቻው ላይ የሰፈረው ምክንያት ደግሞ ሁለት ቋንቋ መናገር «ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል» የሚል ነው፤ በአጭሩ «ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አይጃጅም» ማለት ነው። በመካከላችን የገዛ እናቱ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የምትለው ሰው አለ። ስለዚህ ነገሩን በደንብ እንነጋገርበት። ሐሳባችሁን ጻፉ።

የሕክምና ተማሪው፦
እኔ እደግፋለሁ። ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የመርሳት ችግር ያለባቸው የ184 ታካሚዎች መዝገብ ተጠንቶ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሁለት ቋንቋ ሲናገሩ የኖሩት ላይ ምልክቱ የታየው 4 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ካናዳ ሩቅ ነው ለሚል ሰው ሕንድ አለች። ሃይደራባድ ላይ 648 ታካሚዎች ታይተው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት ልዩነቱን 4 ዓመት ተኩል አድርሶታል። ፊደል ባልቆጠሩት ላይ ደግሞ 6 ዓመት ሆኗል። ይሄኛው ለኛ ይቀርባል። እዚያ ሰው ገበያ ላይ በአንዱ ቋንቋ ተከራክሮ፣ ቤቱ ገብቶ በሌላው ያወራል። አዳማ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍሮ ሁለቱንም ሳይሰማ የሚወርድ ማን አለ?

ምክንያቱም ይገባል። ሁለት ቋንቋ በሚያውቅ አእምሮ ውስጥ ሁለቱም ንቁ ናቸው። አንዱን ለመናገር ሌላውን ገታ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ዕድሜ ልክ ሲሠራ የኖረ አእምሮ መጠባበቂያ አቅም፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስበት የሚያካክስበት ትርፍ ጉልበት፣ ያዳብራል ነው የሚባለው።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን በትክክል ጠቅሰሃል። እንዴት እንደተገኙ ግን አልነገርከንም። ሁለቱም ጥናቶች ያዩት ራሳቸው ወደ ክሊኒክ የመጡትን ነው። ከዚያ ቤተሰብ «መቼ ጀመራቸው?» ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ይህን ጥያቄ በሥራዬ ስጠይቅ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እርጅና መስሎን ነበር»። በዚህ መልስ ላይ የተሠራ ዓመት ምን ያህል ይታመናል? ዘግይቶ የመጣው በሽታው ነው ወይስ ቤተሰቡ?

ሰዎቹ ገና ጤነኛ ሳሉ መዝግቦ የተከታተለ ጥናትም አለ። በኒውዮርክ ሰሜን ማንሃተን ከ1,000 በላይ ስፓኒሽ ተናጋሪ አረጋውያንን እስከ 23 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። እንግሊዝኛም የሚችሉት መጀመሪያ ላይ የማስታወስ ፈተናውን በተሻለ ሠሩ። በበሽታው ከመያዝ ግን አልተረፉም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተለያዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲገመገሙም ሰዎችን አስቀድመው መዝግበው የተከታተሉት መከላከያ አላገኙም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ልንቀንሳቸው የምንችላቸውን 14 አጋላጭ ነገሮች ዘርዝሯል። ሁሉም ቢስተካከሉ ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ ደም ግፊት አለ። ስኳር አለ። የመስማት ችግር፣ የማየት ችግር፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የትምህርት ማነስ አለ። አንድ ቋንቋ ብቻ መናገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እኔ የምለው የዕድሩ ገንዘብ የግፊት መለኪያ ይግዛ። ግፊት እንዳለባቸው ሳያውቁ የሚኖሩ አባሎች አሉን፤ ሲወድቁ ነው የምናውቀው።

ጡረተኛው መምህር፦
ሲስተር ልጄ፣ የግፊቱን ነገር ከልቤ እቀበላለሁ። ግን ለአንድ የተለመደ ጥርጣሬ መልስ ያለው ሌላ ጥናት አለ። ብዙ ጊዜ «ቋንቋ የሚማረው ድሮም ጎበዝ የሆነው ነው» ይባላል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1936 የተወለዱ ልጆች በ11 ዓመታቸው፣ በ1947፣ የአእምሮ ፈተና ወስደው ነበር። ከእነሱ 853ቱ ሰባዎቹ ውስጥ ሲገቡ እንደገና ተፈተኑ። ሁለተኛ ቋንቋ የለመዱት በልጅነት ውጤታቸው ከሚጠበቀው በላይ ሆነው ተገኙ። ካደጉ በኋላ የተማሩትም ጭምር። ስለ መርሳት በሽታ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሽማግሌ ከእንግዲህ ምን ይማራል የሚለውን ንግግር እኔ መስማት አልፈልግም።

የወንጂ ልጅ፦
የኔ አባት ከከምባታ መጥተው ወንጂ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ከደቡብ ብዙ ሰው ሰብስቧል፤ ካምፑ ውስጥ የማይሰማ ቋንቋ አልነበረም። አባቴ ከምባትኛ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር። ትምህርት ቤት ግን ገብተው አያውቁም። በሽታው አልማራቸውም። ዘግይቶላቸው ይሁን አይሁን እኔ በምን አውቃለሁ?

የማውቀው ሌላ ነው። መጀመሪያ አማርኛው ሄደ። ከዚያ አፋን ኦሮሞው። በመጨረሻ ከምባትኛ ብቻ ቀረ። እኛ ልጆቹ ደግሞ ከምባትኛ አልተማርንም። ውሃ ሲጠይቁ አልገባንም። ተናደው ሲጮኹ በሽታው ባሰባቸው እያልን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙም በአማርኛ ጠይቆ መልስ ስላጣ «አይናገሩም» ብሎ ጻፈ። የአባቴ ቋንቋ የሚችል አንድ ዘበኛ ነበር፤ እሱ ሲያናግራቸው ቁጭ ብለው ያወሩ ነበር። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ከማስተማራችን በፊት ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን የመጀመሪያ ቋንቋ ይወቁ። ይህን የምለው በጣም ስለሚቆጨኝ ነው።

የሕክምና ተማሪው፦
ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ያልከው በሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ታማሚዎች ላይ በኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ይዳከማል፣ የልጅነቱ ይቆያል።

ሲስተር ላነሱት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶሮንቶ ላይ የታማሚዎች የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነጻጽሮ ነበር። ችሎታቸው እኩል ሆኖ ሳለ የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አእምሮ ይበልጥ ተጎድቶ ተገኘ። በሽታው ገብቷል፤ እነሱ ግን ከጉዳቱ ጋር እየኖሩ ነው። ስለዚህ «አይጃጅም» የሚለው ስህተት ነው፣ እቀበላለሁ። ደግሞም ዕድሜ ልክ በሁለት ቋንቋ መኖርና በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል መግባት አንድ አይደለም። ትምህርቱ ቢከፈት እንኳ ከ2007ቱና ከ2013ቱ ጥናት ጋር ማያያዝ የለብንም።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲያው ክፍሉ ይቅርና ቡና ይፈላ። አረጋውያኑ በየቋንቋቸው ያውሩ፣ ወጣቶቹ ይስሙ፣ ይመልሱ። ሲስተር የዘረዘረችው ብቸኝነትም በዚሁ ይቀንሳል። እኔ ያለ ክፍያ እመጣለሁ።

ሲስተር፦
በዚህ እስማማለሁ። ቡናው ከመቅረቡ በፊት ግን የሁሉም ግፊት ይለካ። የጆሮና የዓይን ችግር ያለበትም ይመዝገብ፤ የማይሰማ ሰው በየትኛውም ቋንቋ አያወራም። «ከመርሳት በሽታ ይጠብቃል» የሚለው ከማመልከቻው ይውጣ።

የሕክምና ተማሪው፦
«ሊያዘገይ ይችላል» ተብሎ ይቆይ። እ.ኤ.አ. በ2025 ከ27 የአውሮፓ አገሮች ከ86,000 በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት ብዙ ቋንቋ በሚነገርባቸው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ላይ እርጅና ቀስ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል።

ሲስተር፦
እሱ የለካው የእርጅናን ፍጥነት እንጂ የመርሳት በሽታን አይደለም። ይውጣ።

የዕድሩ ጸሐፊ፦
የግፊት መለኪያውና ቡናው ድጋፍ አግኝተዋል። የወንጂው ወንድማችን ሐሳብም ይገባል፤ አባል የሆነ ሁሉ የወላጆቹን የመጀመሪያ ቋንቋ፣ ከቤተሰቡም ማን እንደሚናገረው በመዝገባችን ላይ ያስሞላ። ስለ ዓረፍተ ነገሩ ሁለታችሁ ስላልተስማማችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል።