የፍሳሽ ውሃ ቤት ገባብኝ፣ ፍራሹ ይታጠባል?

ሰላም ጓዶች፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነኝ፣ ማታ ሽንት ቤቱ ገንፍሎ ጥቁር ውሃ ሳሎን ድረስ ገባ፣ ምንጣፉም የስፖንጅ ፍራሹም ራሰ፣ አጥቤ ፀሐይ ላይ ባሰጣው ይሆናል?

— ወንድሜ ቧንቧ ፈንድቶ ቢሆን ቶሎ ካደረቅከው ችግር የለውም እልህ ነበር፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃም ትንሽ ይቆሽሻል እንጂ ይታጠባል። ይሄ ግን ፍሳሽ ነው፣ ስፖንጅ ውስጥ የገባ አይወጣም፣ ጣለው በቃ። ምንጣፉንም።

— ቆይ መጀመሪያ መብራቱ! ሶኬት ከራሰ ውሃው ውስጥ ቆመህ ቆጣሪ እንዳትነካ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ።

— ቦቲና ጓንት አድርግ፣ ልጆች ካሉ አርቃቸው። ወለሉን በኦሞ ፈትገህ ካጠብክ በኋላ ነው በረኪና፣ ቆሻሻው ላይ ብትደፋው ዋጋ የለውም። ደሞ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅል፣ ጋዙ መርዝ ነው። መስኮት ክፈት፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል።

— እሺ ተባረኩ፣ ፍራሹ ግን አዲስ ነበር እኮ 😩