እናቴ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቀኛለች፤ ምርመራው ምን ይመስላል?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አብሬያት የምኖረው እኔ ሴት ልጇ ነኝ። ከስድስት ወር ወዲህ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሳ ትጠይቃለች። ባለፈው ሳምንት የጣደችውን ረስታ ድስቱ አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ወንድሜ «እርጅና ነው፣ ተያት» ይላል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ጭንቅላቷን በማሽን ብትታይ ይታወቃል?

አባቱን ያስታመመ፦
እህቴ፣ በእኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ። ሐኪሟ ከማሽን በፊት ረጅሙን ጊዜ የወሰደችው በጥያቄ ነው። አባዬን ጠየቀችው፤ ከዚያ እኔን ለብቻዬ። መቼ ጀመረው? ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት? ገንዘቡን ራሱ ይይዛል? መልስ አጣሁ። አንቺ ያየሽውን ከነቀኑ ጽፈሽ ሂጂ።

ቀጥሎ ከ30 የሚታረም ፈተና ሰጠችው። ቃላት ነግራው ቆይታ ጠየቀችው። ከ100 ላይ 7 እየቀነሰ እንዲቆጥር አደረገችው። «ሰዓት ሳልልኝ» ስትለው ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጎን አጨቃቸው። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

ደሙ ሲመረመር ቫይታሚን ቢ12 በጣም ወርዶ ተገኘ። እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ በራሱ የሚውጠው የአለርጂ ኪኒንም ነበር። ኪኒኑ ቆመ፣ የቢ12 መርፌ ተጀመረለት። እንደ ድሮው ባይሆንም ዛሬ የልጅ ልጆቹን በስም ይጠራል።

ነርስ ነኝ፦
የጭንቅላት ማሽን ምርመራው፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ፣ የደም መፍሰስን፣ እጢን፣ የቆየ ስትሮክን ያሳያል። አልዛይመርን፣ ማለትም በብዛት የሚታየውን የመርሳት በሽታ፣ ግን ብቻውን አይወስንም። የታይሮይድ ሆርሞንም ይታይላት። ድባቴና የጆሮ መድከምም የመርሳት በሽታ ሊመስሉ ይችላሉ። ትምህርት ካልተማረች አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከ30 የሚታረመውን ፈተና ውጤት ዝቅ ያደርገዋል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከተምታታባት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ውሰጃት።

የእማዬ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሳቢያዋን ስከፍት የማላውቀው የእንቅልፍ ኪኒን አገኘሁ። ልጣለው? ደግሞ የድስቱን ነገር እሷ ፊት ማንሳት ከበደኝ። ታፍራለች።

ነርስ ነኝ፦
አትጣይው። አንዳንዱ የእንቅልፍ ኪኒን ድንገት ሲቋረጥ ይጎዳል። የምትወስደውን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘሽ ሂጂ። የድስቱን በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ አቀብይው፤ እሷ ፊት ማውራት የለብሽም።