ጠንካራ የፍሬን ሸራ አስገጥሜ ጠዋት ጠዋት ይጮህብኛል፤ ልታገሰው ወይስ ላስነቅለው?

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ የእጅ ማርሽ ያላት ኮሮላ ናት፤ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር። ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ የልጆች ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ። በወር አንዴ ግን ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ እሄዳለሁ።

ባለፈው ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ፣ መንገዱ ሳይጋመስ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ረጠበ ስፖንጅ ሰመጠ። ደጋግሜ ረግጬ፣ በእጅ ፍሬን ጭምር ታግዤ ጥግ ያዝሁ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁና ለመለዋወጫ ሻጩ ነገርሁት፤ «ለውድድር መኪና የሚሆን፣ ሙቀት የማይበግረው ሸራ አለ» ብሎ በእጥፍ ዋጋ ሸጠልኝ።

አሁን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከግቢ ስወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጨት የረገጥሁ ያህል ነው፤ መኪናዋ ትንሽ ተንሸራታ ነው የምትቆም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጩኸቱ ልጆቹን ሁሉ ያዞራል። ቸርኬው በሁለት ቀን ይጠቁራል። ሲሞቅ ግን ጥሩ ይይዛል። ሸራው ብልሽት አለበት?

መልስ፣ አሽከርካሪ ከደጀን

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። እኔ ያንን ቁልቁለት ከ20 ዓመት በላይ በጭነት መኪና ተመላልሼበታለሁና ስለ ሸራው ከመጠየቄ በፊት ሌላ ልጠይቅሽ፦ በስንተኛ ማርሽ ነበር የወረድሽው? ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርጂው። አራተኛ ላይ አድርገሽ እግርሽን ፍሬኑ ላይ ጭነሽ ከሆነ የትኛውም ሸራ አይችልሽም። በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ፍጥነቱ ሲጨምር ጠበቅ አድርገሽ ያዥ፣ ቀንሺ፣ ከዚያ ልቀቂው ይተንፍስ። ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋብሽን ተዪው፤ እሱ ቀድሞ ይለፍ።

መልስ፣ መካኒክ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ሸራው ብልሽት የለበትም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። ለውድድር የሚሠራ ሸራ ሳይሞቅ አይነክስም። ከቤት ሱቅ በሚደረግ መንገድ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይሞቅ ይደርሳሉ። ብረት የበዛበት ስለሆነ ይጮሃል፣ ዲስኩንም ይበላል፤ ቸርኬው ላይ የሚያዩት ጥቁር ዱቄት ከሁለቱም የተፋቀ ነው።

የእርስዎ ታሪክ ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ፤ «ፔዳሉ ሰመጠ» ብለዋል። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል ፔዳሉ እንደ ጠነከረ ይቆይና መኪናው ነው እምቢ የሚለው። ፔዳል የሚሰምጠው የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ዓይነት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ሲሆን 230 እና 155 ነው። ስለዚህ እርስዎ የቀየሩት ያልታመመውን ነው። ዘይቱ የተቀየረው መቼ ነው?

ሸራ ሲገዙ ጠርዙን ይመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመዋል፤ የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ስንት እንደሚይዝ ይናገራል። ኢ ደካማ ነው፣ ኤፍ መካከለኛ፣ ጂ ጠንካራ። ለእርስዎ ኤፍ ኤፍ የሆነ ሴራሚክ (ሸክላ መሰል ነገር የገባበት ሸራ) ይበቃል።

መልስ፣ ከቡሬ

መካኒኩ «ዲስኩን ይበላል» ያለውን እኔ በገንዘቤ አይቼዋለሁ። በቪትዜ ላይ እንደዚያ ዓይነት ሸራ ለአራት ወር ነዳሁ። ሲፈታ ዲስኩ ጠርዝ አውጥቶ ጥፍር ይይዛል፤ ሸራው ግን ገና ነበር። ሴራሚክ ካስገባሁ ወዲህ ሰላም ነኝ። ግን ክረምት ላይ ዝናብ አድሮበት ጠዋት ትንሽ ቢያፋጭ አትደንግጪ። ሌሊቱን ዲስኩ ላይ ያደረ ዝገት ነው፤ ሁለት ጊዜ ስትይዢ ይጠፋል።

መልስ፣ የቴክኒክ መምህር ከፍኖተ ሰላም

አንድ ነገር ልጨምር። ፔዳሉን የሚያቀልልን ሳንባ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ደብረ ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ እግር ጠንከር ብሎ መርገጥ አለበት። ቀዝቃዛ የውድድር ሸራ ሲጨመርበት «እንጨት» ቢመስልዎ አይደንቅም።

ጠያቂዋ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፍሬን ዘይቱ ሲወጣ የቡና አተላ መስሎ ነበር፤ መኪናዋን ከገዛሁ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ማንም ቀይሮት አያውቅም። ዶት 4 ተሞልቶ አየሩ ወጣ። የኋላው ታምቡርም ላልቶ ስለነበር ተስተካከለ። ከፊት ኤፍ ኤፍ ሴራሚክ ገባ። ትናንት ደጀንን በሁለተኛ ማርሽ ወረድሁ፤ ጋሼ እንዳሉት ጥሩንባ የነፉብኝ ብዙ ናቸው፣ አሳለፍኋቸው። ድልድዩ ጋ ደርሼ ቸርኬው አጠገብ እጄን ስዘረጋ ሙቀት አለ፣ ሽታ ግን የለም።

መካኒኩ ከባሕር ዳር

አዲሱን ሸራ አላምደውታል? ባዶ ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ጊዜ ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳያቆሙ፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ደቂቃ ነድተው ያቀዝቅዙት። በጋለ ሸራ ላይ ቆመው ፔዳሉን አይጫኑ፤ አሻራው ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ በኋላ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ጥያቄ፣ ከሞጣ

እህቴ፣ የተነቀለውን የውድድር ሸራ ትሸጪልኛለሽ? የእኔም ኮሮላ ናት።

ጠያቂዋ

በነጻ ብሰጥህም አትውሰደው፤ የትምህርት ቤቱን ልጆች ጠይቅ።