የልጆች ገበና በቤተሰብ ቻናል ላይ፦ የተለቀቀው እንዴት ይሰብሰብ?

ጥያቄ፦ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ነው። የልጆቹን ጸሎት፣ ቅጣትና ለቅሶ ሳይቀር ዩቲዩብ ላይ ሲለቅ ኖሮ አሁን ተጸጽቷል። 200 ያህል ቪዲዮ አለ። ይደምሰስ ወይስ ይደበቅ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ይደበቅ፤ ማጥፋቱ ይደርሳል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ (የቻናሉ ማስተዳደሪያ ገጽ) ገብታችሁ ቪዲዮዎቹን በአንድ ላይ ምረጡና ታይነታቸውን «የግል» አድርጉ። «ያልተዘረዘረ» አይበቃም፤ ሊንኩ በእጁ ያለ ሁሉ ያየዋል። ገላ መታጠቢያ፣ ቅጣት፣ ሕመምና የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚታይባቸው ይቅደሙ። የአምልኮ ቦታው ስምና ሰዓትም አይረሳ (ብዙዎች ይዘነጉታል)፤ ቤተሰቡ በየሳምንቱ መቼ ከቤት እንደሚወጣ ለማንም ይናገራል።

መልስ 2፦ ሌላ ሰው ቆርጦ የለጠፈው ግን በዚህ አይጠፋም። በዩቲዩብ የግላዊነት ቅሬታ ቅጽ ላይ ሊንኩንና ልጁ የሚታይበትን ደቂቃ ለይታችሁ ጻፉ። ለለጣፊው ብዙውን ጊዜ 48 ሰዓት ይሰጠዋል። ሰዎች አውርደው ያስቀሩትን የሚመልስ መንገድ የለም።

መልስ 3፦ «ምስክርነት ነው» የሚለው ሰበብ አያሳምንም። ወላጅ ስለ ራሱ ይመስክር፤ የልጁ ኃጢአት የልጁ ነው። ከቪዲዮው የሚገኘው ገንዘብ ጉዳይም አለ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 2024 ጀምሮ፣ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ከሚያስገኘው ይዘት ቢያንስ 30 በመቶው ላይ ከታየ፣ ድርሻው 18 እስኪሞላው በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል። በፈረንሳይ የ2020 ሕግ ደግሞ ልጁ ያለ ወላጅ ፈቃድ «ይሰረዝልኝ» ማለት ይችላል።