ደንቨር ልንገባ ነው፤ እህቴ በስሟ ሽጉጥ ልትገዛልኝ ትችላለች?

ከፍኖተ ሰላም፦

እንዴት ሰነበታችሁ፣ ወገኖቼ። እህቴ ከብዙ ዓመት በፊት የሞላችልን ጉዳይ አልቆ ቪዛው ተመታልን። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ደንቨር ልንነሳ ነው። ትልቁ 19፣ ትንሹ 14 ዓመቱ ነው።

እህቴ ማደያ ውስጥ የሌሊት ሥራ አግኝታልኛለች። ቦታው አንድ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል አለችኝ። እኔ አባቴ ምንሽሩን ሲያወርሰኝ ገና ጢም አላበቀልኩም ነበር። ሲሞት በለቅሶው ላይ የተተኮሰውም እሱው ምንሽር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ እጄን መቆም ከበደኝ። ይህን ስነግራት «አንተ ወረቀት እስክታገኝ አትጠብቅ፤ እኔ ዜጋ ስለሆንኩ በስሜ ገዝቼ እሰጥሃለሁ» አለችኝ። ልጄ ደግሞ 18 ዓመት ለሞላው ጠመንጃ ይሸጣሉ ይላል። እውነት ነው ወይ? አንድ ነገር ልጨምር፦ በወጣትነቴ በድንበር ጠብ ተፈርዶብኝ ስምንት ወር ታስሬ ወጥቻለሁ። ለኤምባሲው አልደበቅሁም። እዚያ ሲያጣሩ ይህ ይመጣብኛል?

የቢቸናው፣ ከአውሮራ ኮሎራዶ፦

እንኳን ደስ ያለህ ወንድም ዓለም። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከእህትህ ልጀምር። እባክህ በስሟ እንዳትገዛልህ። ደግ ሆና ነው ያሰበችው፤ እኔም በደግነት ሳስብ ነበር የተሳሳትኩት።

እዚህ በገባሁ በአራተኛው ዓመት አማቼ ሽጉጥ ፈልጎ አብረን ሱቅ ገባን። እሱ እንግሊዝኛው ስለማይገባው ፎርሙን እኔ ልሞላ፣ ገንዘቡን እሱ ሊከፍል ተስማማን። በእኛ አገር ለሰርግ አጃቢ ጠመንጃ መዋዋስ፣ ለአጎት ልጅ ዝናር ማቀበል ውለታ ነው፤ ወንጀል ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ሻጩ ብሩ ከማን ኪስ እንደወጣ አይቶ «ሽጉጡ የማን ነው?» አለኝ። «የአማቼ» አልኩት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ቀደደውና ሁለታችንንም አሰናበተን። ያን ቀን ተቆጣሁ፤ ዛሬ ግን አመሰግነዋለሁ።

ፎርሙ 4473 ይባላል። ገና ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ «እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ?» የሚል ነው። ለሌላ ሰው እየገዛህ «አዎ» ካልክ የፌዴራል ወንጀል ሠርተሃል። ያ ሌላው ሰው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ አያድንህም። አብራምስኪ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ ለገዛ አጎቱ ግሎክ ሽጉጥ ገዛ። አጎቱ በሕግ መሣሪያ መያዝ የሚችል ሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥፋተኛ ነህ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ መያዝ ለማይችል ሰው ገዝቶ መስጠትን እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። ከኪስህ ከፍለህ ለወንድምህ እውነተኛ ስጦታ መስጠት ሌላ ነገር ነው። የእህትህ ሐሳብ ግን አንተ ትከፍላለህ፣ እሷ ትፈርማለች የሚል ይመስለኛል።

ደግሞ ምን አስቸኮላት? በእሷ ጉዳይ ስለምትመጣ ስትገባ ቋሚ ነዋሪ ነህ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በራሱ ስም መግዛት ይችላል። የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥርህን ፎርሙ ላይ ትሞላለህ፤ አድራሻህ ያለበት የኮሎራዶ መታወቂያም ያስፈልግሃል። የማይችለው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖር ሰው ነው። በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለም፣ የአደን ፈቃድን የመሰለ ጥቂት ልዩ ሁኔታ ካልሆነ፣ አይችልም።

ማጣሪያው በአገራችን ዋስ እንደመጥራት ነው ብዬ ነው የምረዳው፤ ዋሱ ግን መዝገብ ነው። ከእ.ኤ.አ. ኅዳር 1998 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽያጭ ከመፈጸሙ በፊት የኤፍ ቢ አይን መዝገብ ያስጠይቃል። እዚህ ኮሎራዶ የሚያጣራው የክፍለ ግዛቱ የምርመራ ቢሮ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ሊያሳስር በሚችል ወንጀል የተፈረደበት፣ ሚስቱን ወይም የቤተሰቡን አባል በመምታት በቀላል ወንጀል እንኳ የተፈረደበት፣ በቤተሰብ ጠብ ምክንያት ፍርድ ቤት «አትቅረብ» ያለው፣ ሕገወጥ ዕፅ የሚጠቀም ሰው አይገዛም። ማሪዋና ኮሎራዶ ውስጥ በይፋ ይሸጣል፤ ፎርሙ ግን አሁንም ይጠይቅሃል። ልጅህ ይህን ከአሁኑ ይወቀው።

የድሮው እስርህን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ስሞል በተባለ ሰው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ የፌዴራል ክልከላ የሚመለከተው የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችን ፍርድ ብቻ ነው ብሏል። ሰውየው የተፈረደበት ጃፓን ነበር። ቢሆንም ከመግዛትህ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ አሳየው። ለእኛ ለግሪን ካርድ ሰዎች ጣጣው እስር ብቻ አይደለም፤ በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ያስባርራል። የፈጀብህን ዓመት ታውቀዋለህ።

የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ከቨርጂኒያ፦

በ18 እና በ21 መካከል ያለውን ላብራራ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ረጅም ጠመንጃ ለ18 ዓመት፣ ሽጉጥ ለ21 ዓመት ሰው ነው የሚሸጠው። ልጅዎ ያነበበው ይህንን ነው። የሽጉጡን ዕድሜ የሚቃወሙ ክሶች በየፍርድ ቤቱ አሉ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 ቴክሳስ ዩቫልዴ የ18 ዓመት ልጅ በሕጋዊ መንገድ በገዛው ጠመንጃ 19 ሕፃናትንና ሁለት መምህራንን ገደለ። ከአንድ ወር በኋላ በወጣው ሕግ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ገዢ የልጅነት መዝገቡም ይጠየቃል፤ ሦስት የሥራ ቀን የነበረው የማጣሪያ ጊዜም እስከ አሥር ሊደርስ ይችላል። ኮሎራዶ ግን ከዚህም ታልፋለች፦ ከፖሊስና ከወታደር በስተቀር ለማንኛውም መሣሪያ 21 ነው፤ ከገዙም በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ይጠብቃሉ። ከግለሰብ ቢገዙም በነጋዴ በኩል መጣራት አለበት።

ዕድሜ ሲባል ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው። እናቱ «በሰኔ ሚካኤል ነው የወለድኩት» ብትልም የሚያዘው የተጻፈው ቀን ነው። የኔ ቀን ሲገለበጥ ሰባት ወር ተሳስቶ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የምኖረው።

ከዳንግላ፣ ደንቨር ሆስፒታል የምሠራ፦

ጋሼ፣ ወንድሞቼ ስለ ፎርሙ በደንብ ነግረውዎታል። እኔ ስለ ቤትዎ ልናገር። የ14 ዓመት ልጅ አለዎት፤ የ19 ዓመቱም ገና ወጣት ነው። በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን የሚያጠፋ ነው። ድንገተኛ ክፍል እሠራለሁና ይህ ለእኔ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሰዎቹን ፊት አውቃለሁ። አዲስ የመጡ ልጆች የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳቸዋል፤ ቋንቋው፣ ብቸኝነቱ፣ እርስዎና እናታቸው ሌሊትና ቀን ሥራ ላይ ናችሁ። በአገር ቤት ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት ሁሉ ያየው ነበር። እዚህ አፓርታማ ውስጥ የሚያይ የለም። ኮሎራዶ ልጅ ባለበት ቤት መሣሪያ እንዲቆለፍ በሕግ ታዛለች፤ ቁልፉን እርስዎ ብቻ ይያዙት።

ስለ ሥራውም ልጠይቅዎ፣ የማደያው ባለቤት መሣሪያ ይፈቅዳል? ደንቨር ከተማ ውስጥ በግልጽ ታጥቆ መሄድ ክልክል ነው፤ ደብቆ ለመያዝም የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። መስታወት የተጋረደበት፣ ሌሊት መስኮቱን ብቻ የሚከፍት ማደያ አለ፤ እህትዎ እንደዚያ ዓይነት ቦታ ትፈልግልዎት። የቀን ሥራም አይጠፋም። እኛ ሠፈር ስትደርሱ ደውሉልኝ፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግባቸውን ሰው አገናኛችኋለሁ።

ከፍኖተ ሰላም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ጽሑፋችሁን ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰምታ አለቀሰች፤ አላወቀችም ነበር። ባለ ማደያውን ደግሞ ጠየቀችው፤ መሣሪያ ይዞ መግባት አይፈቅድም አለ። የቀን ሥራ ልታፈላልግ ነው።

ምንሽሩን ይዤው እንደማልመጣ ከመጀመሪያውም አውቃለሁ። በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝምና ለታናሽ ወንድሜ ዝም ብዬ ከማስረክብ ሰኞ ሁለታችንም ወረዳው ጸጥታ ቢሮ ሄደን እንጠይቃለን። ዝናሩን ግን ባዶውን አባቴ ፎቶ ሥር ትቼዋለሁ፤ እናቴ እንዳይነሳ ብላኛለች።

የዳንግላዋ እህቴ፣ ትንሹ ልጄ እንግሊዝኛ ያነባል፣ መናገሩ ግን ያፍራል። ክፍሉ በዕድሜው ነው ወይስ በፈተና የሚመደበው?